ዜሮ ለአርባ

ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቤር ከቴኒስ ለጊዜው እንደምትርቅ ያሳወቀች ሰሞን፣ ሐምሌ 2017 መሆኑ ነው፣ የስፖርት ገጽ የሚያዘጋጅ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። «የእሷን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሥራ ዘመኗን ዋና ዋና ክንውኖች ጻፊልኝ። ሐተታ አልፈልግም፤ ዓመት፣ ዋንጫ፣ የመጀመሪያዋ የተባለችበት፣ በቃ» አለኝ። ጻፍኩለት። ማታውኑ መልሶ ደወለ። «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ይቺን የ2022 ዊምብልደን ግን ላውጣት። የተሸነፈችበትን ጨዋታ ምን ብለን ነው ክንውን የምንለው? አንባቢ ይስቅብናል።»

አወጣት። ጽሑፉ ወጣ፣ ሰውም ተቀባበለው፤ ጎደለ ያለ አንድም አልነበረም። እኔን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። ወዳጄ ተሳስቷል ለማለት አይደለም፤ ዝርዝር የሚሠራው እንደዚያ ነው። የከነከነኝ ሌላ ነው፦ የኦንስን የሥራ ዘመን ባሰብኩ ቁጥር ቀድማ የምትመጣብኝ ያቺው የወጣችዋ መስመር ናት። ከዚያም ጨዋታ ውስጥ አንዲት ጌም፣ አንዲት የጨዋታ ቁራጭ፣ ብቻ፤ ደቂቃዎች የፈጀች ጌም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ ቴኒሱም የእነሱን የቀን መቁጠሪያ ነው የሚከተለው።)

«የመጀመሪያዋ»

ዝርዝሩን አሁን መልሼ ሳነበው «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል የሌለበት መስመር ማግኘት ይቸግራል። 2020፣ አውስትራሊያ ኦፕን፣ ለግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች የአንዱ) ሩብ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ ዓረብ ሴት። ሰኔ 2021፣ በርሚንግሃም፣ ዳሪያ ካሳትኪናን አሸንፋ የደብሊውቲኤ (የሴቶች ቴኒስ ማኅበር) ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ዓረብ ሴት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ከሴትም ከወንድም፣ ከዓለም አሥር ምርጦች ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ዓረብ። ግንቦት 2022 ማድሪድ፣ ጄሲካ ፔጉላን 7-5፣ 0-6፣ 6-2 አሸንፋ ዋንጫ። በሰኔ ማለቂያ ከዓለም ሁለተኛ።

«የመጀመሪያዋ» ሁልጊዜ ጅራት አላት። ወዳጄ ያወጣት መስመር ላይ «ለግራንድ ስላም ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ብዬ ነበር፤ አጠገቧ ግን «ከ1968 ወዲህ» (ታላላቆቹ ውድድሮች ለባለሙያ ተጫዋቾችም ከተከፈቱበት ዓመት ወዲህ ማለት ነው) የምትል ጭማሪ ማስገባት ግድ ሆኖብኛል። ምክንያቱም ደቡብ አፍሪካዊቷ ሳንድራ ሬይኖልድስ በ1960 እዚያው ዊምብልደን ለፍጻሜ ቀርባ በብራዚላዊቷ ማሪያ ቡዌኖ ተሸንፋለች። ዛሬ ሳንድራ ሬይኖልድስን ማን ያስታውሳታል? ለፍጻሜ ደርሶ መሸነፍ እንዲህ ነው፤ የሌላ ሰው ታሪክ ግርጌ ላይ ትቀመጣለህ።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የደራርቱን የባርሴሎና ወርቅ ስናነሳ «የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት» ሳንል አናልፍም፤ ልክም ነን። እኔ ግን ከዚያ ምሽት ይበልጥ በዓይኔ የቀረው፣ ደራርቱ መስመሩን ካለፈች በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ነው። ኦንስም በ2022ቱ ግማሽ ፍጻሜ የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን ጀርመናዊት ወዳጇን ታትያና ማሪያን ካሸነፈች በኋላ፣ የተሸነፈ ተጫዋች ቦርሳውን ይዞ እልም ማለቱ የተለመደበት ሜዳ ላይ፣ ጎትታ ወደ መሀል አምጥታ ጭብጨባውን ተካፈለቻት። ለሁለቱም ድርጊት ዝርዝር ውስጥ ቦታ አላገኘሁም።

ከአሥር ዓመት በፊት የተጀመረ ወሬ

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ዝርዝሩን ራሱን እበድለዋለሁ። ኦንስ በ2011፣ በ16 ዓመቷ፣ የፈረንሳይ ኦፕንን የታዳጊ ሴቶች ዋንጫ ወስዳለች፤ ፍጻሜው ላይ ያሸነፈቻት ፖርቶ ሪኳዊቷ ሞኒካ ፑዊግ ከአምስት ዓመት በኋላ በሪዮ የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቃለች። ኦንስስ? የመጀመሪያውን የአዋቂዎች ዋንጫዋን ያነሳችው በ2021 ነው። መሀል ላይ አሥር ዓመት አለ።

ዝርዝር ውስጥ ይህ አሥር ዓመት ባዶ ቦታ ነው፤ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ዓይን የሚዘለው። የቴኒስ ተጫዋች ግን ደመወዝተኛ አይደለም። ለአሠልጣኙ፣ ለአውሮፕላኑ፣ ለሆቴሉ የሚከፍለው ራሱ ነው፤ መጀመሪያ ዙር ላይ ከወደቀ ያን ሳምንት ወጪው ከገቢው ሊበልጥ ይችላል። ክሳር ሄላል ተወልዳ ሱስ ከተማ ያደገች፣ ክለቧ የራሱ ሜዳ ስላልነበረው በሆቴሎች ሜዳ ላይ የተለማመደች፣ በ12 ዓመቷ ለሥልጠና ብላ ወደ ቱኒስ የሄደች ልጅ ናት። ከዓለም መቶ ምርጦች ለመግባት እስከ 2017 ጠብቃለች። «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ዘመን ነው፤ ሲያልፍ ደግሞ ያለፋውን ማንም አይጠይቅም፣ ያለፈበትን ቀን ብቻ ይመዘግባል።

አጨዋወቷም ለትዕግሥት የሚመች አልነበረም። የዘመኑ የሴቶች ቴኒስ ከኋላ መስመር ሆኖ ኳስን በኃይል መጠለዝ ነው። ኦንስ ግን 1 ሜትር ከ67 ቁመቷን ይዛ ከረጃጅሞቹ ጋር በጉልበት አትገጥምም፤ ኳሷን ትቆርጣታለች፣ ታዘገያታለች፣ ተቃራኒዋ ሜዳው ጫፍ ላይ ሳለች መረቡ ሥር ሙት ብላ እንድትወድቅ ታደርጋታለች። ድሮፕ ሾት የሚሉት ነው። ሲሳካ ተመልካች ይስቃል፤ ሳይሳካ ደግሞ «ምን አቀበጣት?» የሚያሰኝ ምት ነው።

ያቺ ጌም

የዊምብልደን ፍጻሜ ቀን፣ ቅዳሜ በእኛ ሐምሌ 2 ቀን 2014፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 9 ቀን 2022፣ አረፋ ነበር። ለእኛም ሰፈር፣ ለቱኒዚያም፣ ለእሷም። ፍጻሜው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ያየሁት ዱባይ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ጎረቤቴ ቤት ነው፤ ለበዓሉ ጠርታኝ ሄጄ፣ የዓረብኛውን ተንታኝ ጩኸት እየተረጎመችልኝ። እሷ ቴኒስ አታውቅም፤ እኔ ዓረብኛ አላውቅም። ተሟላን።

ከመረቡ ማዶ ኤሌና ሪባኪና፤ ሞስኮ ተወልዳ ለካዛክስታን የምትጫወት፣ 23 ዓመቷ፣ ረጅም፣ ፊቷ ላይ ምንም የማይነበብ። ከሦስት ክፍል ሁለቱን የወሰደች ታሸንፋለች፤ የመጀመሪያውን ክፍል ኦንስ 6-3 ወሰደች፤ ሪባኪና ተረብሻ ነበር፣ ኳሶቿ ይወጡባት ነበር። ሁለተኛው ክፍል 6-2 ለሪባኪና። ሦስተኛው ላይ ሪባኪና 3 ለ 2 እየመራች፣ ሰርቩም፣ ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት ማለት ነው፣ የእሷ ሆኖ፣ ኦንስ ተከታታይ ሦስት ነጥብ አገኘች። ዜሮ ለአርባ።

ቴኒስ ለማይከታተል ሰው፦ ከዚህ በኋላ ኦንስ አንዲት ነጥብ ብቻ ይበቃታል። አንዷን ካገኘች ጌሙ የእሷ ነው፣ ውጤቱ 3 ለ 3፣ ቀጣዩም ሰርቭ የራሷ ነው። ሦስት ዕድል አላት። ጎረቤቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አበቃ ማለት ነው?» አለችኝ። «አላበቃም፣ ግን...» ብዬ ሳልጨርስ አንዷ ሄደች። ሁለተኛዋም ሄደች። ሦስተኛዋም።

4 ለ 2 ሆነ። ከዚያ 5 ለ 2። ከዚያ 6 ለ 2። ሪባኪና ዋንጫውን አሸንፋ እንኳ አልጮኸችም፣ አልተንበረከከችም፤ ትንሽ እንደ መተንፈስ ብላ ለመጨባበጥ ወደ መረቡ ሄደች። ኦንስ በኋላ ስለዚህ ስትቀልድ፣ እንዴት እንደሚጨፈር ላስተምራት ነው ብላለች። ሜዳው ላይ በማይክራፎን ፊትም ዋንጫዬን ሰረቀችኝ ብላ ሕዝቡን አሳቀችው። በአገሯ «የደስታ ሚኒስትር» የሚሏት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ያን ጌም በአንድ ቃል ዘጋው፦ ፈራች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ሰርቭ በቴኒስ ውስጥ ተቃራኒህ ምንም ድርሻ የሌለው ብቸኛ ምት ነው። ኳሱም ጊዜውም የመቺው ነው፤ ተቀባይ ይጠብቃል። ከሪባኪና በላይ ሰርቭ የሚያደርጉ ሴቶች ደግሞ በጣት ይቆጠራሉ። ስለዚህ «ሦስት ዕድል ነበራት» የሚለው አነጋገር ትንሽ ያታልላል። ዕድሉ ደጇ ድረስ መጣ እንጂ እጇ ላይ አልተቀመጠም።

እንዲህ ብዬ ግን አልረካሁም። ማታ ማታ ጨዋታውን መልሼ እያየሁ የደረስኩበት ግምት ይህ ነው፤ ግምት ነው፣ ከእሷ አፍ የሰማሁት አይደለም። አንድ ጠንካራ ምት ብቻ ያለው ተጫዋች ሲጨንቀው ያችኑ ምት ይመታል። የሚመርጠው ነገር የለም። ኦንስ ግን ኳሷ ወደ እሷ ስትመጣ አምስት ሐሳብ አላት፦ ልቁረጣት? ላዘግያት? ከተቃራኒዬ ራስ በላይ ላሳልፋት? መረቡ ሥር ልጣላት? ወይስ እንደ ሰው ሁሉ በኃይል ልምታት? በሰላም ቀን ይህ ሀብት ነው። በዜሮ ለአርባ ግን አምስቱም ሐሳቦች አንድ ጊዜ የሚናገሩ ይመስለኛል። እዚያ ያደረሳት ስጦታ እዚያው ላይ ሸክም ሆነባት። ፍርሃት ከማለት ይህ ይበልጥ ይመስለኛል፤ ምናልባትም ስለምወዳት ይሆናል።

ደረጃዋ ወረደ

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚገርመኝ ነገር። በዚያ ዓመት ዊምብልደን በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን አግዶ ነበር። የተጫዋቾች ማኅበራቱ በምላሹ የውድድሩን የደረጃ ነጥብ ሰረዙት። የፍጻሜ ተሸናፊ በደንቡ 1300 ነጥብ ታገኝ ነበር፤ ኦንስ ያገኘችው ዜሮ ነው። የ2021 ሩብ ፍጻሜ ነጥቧም ጊዜው አልፎ ስለወደቀ፣ ሁለተኛ ሆና የገባችበትን ውድድር ፍጻሜ ተጫውታ ሰኞ ጠዋት አምስተኛ ሆና ተነሳች። አሸናፊዋ ሪባኪናም የዊምብልደን ዋንጫ ይዛ ባለችበት 23ኛ ደረጃ ቀረች።

ስለዚህ ወዳጄ ያቺን መስመር ሲያወጣ ከኮምፒዩተሩ የተለየ ነገር አላደረገም። በመዝገብ ደረጃ ያ ቅዳሜ ያልነበረ ቀን ነው። እንዲያውም ወደ ኋላ የመለሳት ቀን።

ከዓመት በኋላ

መስከረም 2022 ላይ በዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ በኢጋ ሽቪዮንቴክ ተሸነፈች። እሱን እዘለዋለሁ፤ ሽቪዮንቴክ ያን ዓመት ማንንም የምታስተርፍ አልነበረችም።

2023 ዊምብልደን ግን ሌላ ነው። ሩብ ፍጻሜው ላይ ዕጣው ከማን ጋር አገናኛት? ከሪባኪና። ያው ሜዳ፣ ያቺው ሴት፣ ያው ሰርቭ። የመጀመሪያውን ክፍል በታይብሬክ፣ 6 ለ 6 ሲሆን በሚመጣው መለያ፣ ተነጠቀች። ሁለተኛውን 6-4፣ ሦስተኛውን 6-1 ወሰደች። ከዚያ በግማሽ ፍጻሜው አሪና ሳባሌንካን፣ አሁንም የመጀመሪያውን ክፍል በታይብሬክ ተሸንፋ ተነስታ፣ 6-4፣ 6-3። በእኔ ሚዛን የሥራ ዘመኗ ከፍታ የማድሪድ ዋንጫ አይደለም፤ ያ ረቡዕ ሪባኪናን የመለሰችበት ሦስተኛ ክፍል ነው። የሩብ ፍጻሜ ድል ስለሆነ የትኛውም ዝርዝር ላይ አይገባም። ያን ለወዳጄ ብነግረው ኖሮ ስልኩን ይዘጋብኝ ነበር።

ፍጻሜው የታወቀ ነው። ማርኬታ ቮንድሩሾቫ፣ ከዓለም 42ኛ፣ ከዓመት በፊት እዚያው ዊምብልደን የተገኘችው እጇ በጀሶ ታስሮ ጓደኛዋን ለመደገፍ ነበር። ኦንስ በመጀመሪያው ክፍል 4 ለ 2 መራች፤ ተሸነፈች። በሁለተኛው 3 ለ 1 መራች፤ ተሸነፈች። 6-4፣ 6-4። ከሥራ ዘመኗ እጅግ ያመማት ሽንፈት መሆኑን እዚያው ሜዳ ላይ እያለቀሰች ተናገረች። ይሄኛውን በሰርቭ ማመካኘት አልችልም። ቮንድሩሾቫ ጥሩ ተጫወተች፤ ኦንስ ግን ከራሷ ጋር ስትታገል ይታይ ነበር።

የማጽናኛው ዓይነት ነው ከዚያ ወዲህ የማይለቀኝ። የዌልስ ልዕልት ካትሪን አቀፈቻት፤ ያየ ሁሉ ያና ኖቮትናን አነሳ። ቼካዊቷ ኖቮትና በ1993 ፍጻሜ ሽቴፊ ግራፍን በሦስተኛው ክፍል 4 ለ 1 እየመራች፣ 5 ለ 1 ለመሆን አንዲት ነጥብ ቀርቷት፣ ሁለቱንም ሰርቮች አበላሽታ፣ ከዚያ ሁሉንም ነገር አጥታ የኬንቷ ዱቼስ ትከሻ ላይ ያለቀሰችው ናት። በ1997 ደግማ ተሸነፈች፤ በ1998፣ በ29 ዓመቷ፣ አሸነፈች። ኦንስም የሚቀጥለው ዓመት ዊምብልደን ሲደርስ 29 ትሆናለች! ኪም ክላይስተርስም መጥታ አጽናናቻት፤ እሷም የመጀመሪያዎቹን አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች ተሸንፋ ነው በ2005 ዩኤስ ኦፕንን ያነሳችው። ነገሩ ሁሉ የተጻፈ ይመስል ነበር።

2024 መጣ። ዊምብልደን ላይ በሦስተኛው ዙር በኤሊና ስቪቶሊና ተሸነፈች፤ ያን የውድድር ዓመት የትከሻ ጉዳት ቆረጠው። ለካስ እነዚያን ታሪኮች የምናውቃቸው በመጨረሻ ያሸነፉት ስለተረኩልን ነው። ሳንድራ ሬይኖልድስን ምሳሌ አድርጎ ያጽናናት ሰው የለም።

ይህን ስል «ዋንጫ ምንም አይደለም» ወደሚለው እንዳልሄድ እጠነቀቃለሁ። ያ የተመልካች ወግ ነው። ኦንስ በ2022 የዊምብልደንን ዋንጫ ፎቶ የስልኳ መክፈቻ ላይ አድርጋ ነው የገባችው። ፈልጋዋለች፣ ሳትሸማቀቅ ነው የፈለገችው፣ አላገኘችውም። ጉዳዩን አሳንሼ ላጽናናት ብሞክር እሷን ነው የማሳንሳት።

ያም ሆኖ በዚያው 2023 ማብቂያ ካንኩን፣ ሜክሲኮ ላይ፣ የዓመቱ ምርጦች ውድድር ላይ ቮንድሩሾቫን በሁለት ቀጥታ ክፍሎች አሸነፈቻት። ብድሯን መለሰች እንበል። ሜዳ ላይ ቃለ መጠይቁ ሲጀመር ግን አለቀሰች። የዓለም ሁኔታ ደስታ እንደነሳት፣ በጋዛ የሚሞቱትን ሕፃናት ማየት እንዳልቻለች ተናገረች፤ ከሽልማቷ ከፊሉን ፍልስጥኤማውያንን ለመርዳት እንደምትሰጥም ገለጸች። «የደስታ ሚኒስትር» ያሏት ሴት፣ ያሸነፈቻትን ባሸነፈችበት ቀን።

በ2025 ስታቆም የሰጠችውም ምክንያት ያንኑ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ደስታ ከተሰማት ቆይቷል። ከወራት በኋላ ነፍሰ ጡር መሆኗን አሳወቀች። ትመለስ አትመለስ የእሷ ጉዳይ ነው። ክላይስተርስ ወልዳ ተመልሳ ሦስት ግራንድ ስላም ወስዳለች ብለው አሁኑኑ የጀመሩ አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ብትመለስ ማየት የምፈልገው ፍጻሜ አይደለም፤ የሆነ ማክሰኞ ከሰዓት፣ አንደኛ ዙር፣ ወንበሩ ግማሹ ባዶ በሆነ የጎን ሜዳ ላይ፣ ዜሮ ለአርባም ይሁን አርባ ለዜሮ፣ ያቺን ኳስ መረቡ ሥር ስትጥላትና «ምን አቀበጣት?» ስንል ነው።